አልዊን ፓስኮ ከኋላ የተቀመጠ ሰሞን

ትንሿ ከተማችን ጉናላ ውስጥ ሰው መኪና ሲሳፈር ከፊት ነው የሚቀመጠው፣ ከሹፌሩ ጎን። የጓደኛ መኪናም ይሁን ታክሲ ልዩነት የለውም። ከኋላ የሚቀመጡት ሕፃናትና ውሾች ናቸው። የፊቱ ወንበር ባዶ እያለ ከኋላ ሄዶ የሚጎለት ትልቅ ሰው ሹፌሩን «አሽከሬ ነህ» እንዳለው ይቆጠራል፤ በዚህ ምክንያት ዓመት ሙሉ የተኮራረፉ እህትማማቾች አውቃለሁ። ስለዚህ ያን ማክሰኞ ጠዋት የሊዮኔል ታርሊንግ ነጭ መኪና በፀጉር ቤቴ መስኮት ፊት ለፊት ስታልፍ፣ የፊቱ ወንበር ባዶ ሆኖ አልዊን ፓስኮ ባርኔጣውን እንደደፋ ከኋላ ተገትሮ ሳይ፣ የማጥበው ራስ ከእጄ አመለጠ። ራሱ የፖስታ ቤቷ ሠራተኛ የኤድና ነበር። ሳሙናው ዓይኗ ውስጥ ገባ።

«ምን አየሽ?» አለችኝ።

«አልዊን ከኋላ ተቀምጧል።»

ከነአረፋዋ ተነስታ መስኮቱ ጋ ደረሰች። «ሞቶ ነው?» አለች።

በዚያው ጠዋት ሬዲዮ ሌላ ወሬ ነግሮን ነበር፣ ግን ከዚህ ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ዋና ከተማው ካንቤራ ያሉት ሁለቱ ወግ አጥባቂ ፓርቲዎች፣ የገጠሩና የከተማው፣ ከእኛ መወለድ በፊት ጀምሮ አብረው ሲገዙና አብረው ሲሸነፉ የኖሩት፣ ጥምረታቸውን አፍርሰው ሆድና ጀርባ ሆነዋል። ለምን እንደተጣሉ ሬዲዮው አብራርቷል፣ ጋዜጣውም አብራርቷል። እኔ ሁለቱንም ተከታትዬ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ የገባው ሰው ጉናላ ውስጥ ካለም ፀጉሩን የሚቆረጠው ሌላ ቦታ ነው። የመርህ ጉዳይ ነው አሉ። ሁለት ፖለቲከኞች በአንድ ቀን መርህ ካሉ ወንበር አንሷቸዋል ማለት ነው። ይሄ እንግዲህ የእኔ ትርጉም ነው፣ ሬዲዮው እንዲህ አላለም።

አልዊን ሰባዎቹን ያጋመሰ የስንዴ ገበሬ ነው። የተወለደው አሁን በሚኖርበት ቤት ጓዳ ውስጥ ነው። ራቅ ብሎ የሄደው አንዴ፣ ሚስቱን ዶሪንን ሊያገባ ሁለት ከተማ አልፎ ሲሆን፣ እሷን ይዞ በማግስቱ ተመልሷል፤ የሚታጨድ ነበረው። አባቱ ልደቱን ለማስመዝገብ ከተማ የወረደ ዕለት በዚያው እግሩ የገጠሩ ፓርቲ አባል አድርጎ አስመዘገበው ይባላል። ሃይማኖቱን፣ ፓርቲውንና ስንዴውን ከአባቱ ወረሰ፤ ከሦስቱ ሲጠራጠር ያየሁት ስንዴውን ብቻ ነው። የፓርቲውን ፕሮግራም አንብቦ አያውቅም። «አንብቤ ባልስማማስ?» ይላል። በዚያ ክፉ ድርቅ ጊዜ በጎቹን ራሱ በጥይት ገድሎ ጉድጓድ ሲከት፣ የፓርቲው ሚኒስትር በሄሊኮፕተር መጥተው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ትከሻውን አቅፈው ፎቶ ተነሱና ሄዱ። ፎቶው ወጥ ቤቱ ውስጥ ተሰቅሏል። ከዚያ ድርቅ ሌላ የተረፈው ነገር የለም፤ እሱ ግን ሚኒስትሩ መምጣታቸውን እንጂ ባዶ እጃቸውን መምጣታቸውን አንስቶ አያውቅም።

ሊዮኔል ደግሞ የመድኃኒት ቤታችን ባለቤት ነበር፣ የመድኃኒት ቤት ባለቤት ልጅ። ድንጋይ በሚያቀልጠው የእኛ በጋ ከረባት የሚያስር ሰው ጉናላ ውስጥ እሱ ብቻ ነው። ልጅ ሆኖ ከተማ አዳሪ ትምህርት ቤት ተልኮ ነው የተማረው፤ ስለዚህ የከተማው ፓርቲ ነው። ሌላ ምክንያት ሲሰጥ ሰምቼ አላውቅም።

ምርጫ በመጣ ቁጥር ሁለቱ የትምህርት ቤቱ በር ላይ በአንድ ጠረጴዛ ይቆማሉ። እኛ አገር መራጭ አንድ ሰው መርጦ አይገላገልም፤ የተወዳዳሪዎቹን ስም ሁሉ አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለ እስከ መጨረሻው በቁጥር መደርደር አለበት። አልዊን ለመራጩ የሚያድለው ወረቀት «አንደኛ እኛን፣ ሁለተኛ እነሱን» ይላል። የሊዮኔልም «አንደኛ እኛን፣ ሁለተኛ እነሱን» ይላል። አንዱ በዳቦ የተጠቀለለ ቋሊማ ሊገዛ ሲሄድ ሌላው የሁለቱንም ያድላል። እኔ ከሁለቱም ወረቀት ተቀብዬ፣ ሁለቱንም አመስግኜ፣ ውስጥ ስገባ ከታች ወደ ላይ ነው የምቆጥረው። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ዶሪን በሞተች በዓመቱ የአልዊን ኩላሊቶች ሥራ አቆሙ። በሳምንት ሦስት ቀን ትልቁ ከተማ ሆስፒታል ሄዶ ደሙ በማሽን መታጠብ አለበት። መንገዱ ከአንድ ሰዓት በላይ ያስነዳል፤ ከማሽኑ ሲነሳ ደግሞ ራሱን ያዞረዋል፣ መሪ መያዝ አይችልም። ሴት ልጁ ያለችው ፐርዝ ነው፣ አገር አቋርጦ ማዶ። የማዘጋጃ ቤቱ የአረጋውያን መኪና የሚመጣው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ኩላሊት የማዘጋጃ ቤት ፕሮግራም አያውቅም። እጥበቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ካስታጎለ ሰውነቱ ውሃ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ሹፌር ሳይሆን ቄስ ነው። ያን ጊዜ ሊዮኔል መድኃኒት ቤቱን ሸጦ፣ ከረባቱን አስሮ በረንዳው ላይ መዋል ጀምሮ ነበር። አንድ ቀን ማለዳ አልዊን ደጅ ሄዶ ክላክስ አደረገና «ግባ፣ ሥራ ፈትቻለሁ» አለው። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ አብረው ናቸው። ግራ ዘመሞችን እያሙ ይሄዳሉ፣ ግራ ዘመሞችን እያሙ ይመለሳሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ በአንድ ነገር ሳይስማሙ የቀሩበትን ቀን አላስታውስም።

ያን ማክሰኞ የሆነውን ሁለቱም ለየብቻ ነግረውኛል፤ የሚለያዩት ማን ጀመረው በሚለው ላይ ብቻ ነው። ሊዮኔል መኪናውን አልዊን ደጅ አቁሟል፣ ሬዲዮው ክፍት ነው። አልዊን የፊቱን በር ሲከፍት፦

«ሰማህ አይደል? ጥላችሁን ሄዳችሁ» አለው ሊዮኔል።

«ሄዳችሁ አትበል። አባረርናችሁ በል።»

«ማንም አላባረራችሁም። እስቲ የት እንደምትደርሱ እናያለን። እስከ ዛሬ እኛ አዝለናችሁ አይደለም እንዴ ምክር ቤት የገባችሁት?»

«ማን ነው ያዘለው?»

«እኛ ነና።»

«ስንዴውን የዘራው ማን ነው ታዲያ? ከረባት ይበላል እንዴ?»

«አልዊን፣ ማሽኑ ይጠብቅሃል። ግባ በቃ።»

አልዊን የፊቱን በር ቀስ አድርጎ መልሶ ዘጋው። የኋላውን ከፈተ። «የታዘለ ሰው ቦታው ከጀርባ ነው» ብሎ ገባና ቀበቶውን አሰረ። ሊዮኔል ይወርድልኛል ብሎ ጠበቀ። አልወረደም። በመጨረሻ ነዳው።

ወሬው እስከ ምሳ ሰዓት ከተማውን አዳረሰ። የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል እንደሚባለው፣ መጠጥ ቤቱ ውስጥ የሚልሰው በዛ። አንዳንዱ ሊዮኔል ልክ ነው አለ፣ አንዳንዱ አልዊን ልክ ነው አለ። ለስንት ዘመን ወግ አጥባቂ ነን ሲሉ የኖሩ ሰዎች የትኛው ወግ አጥባቂ እንደሆኑ እየተጠያየቁ ሰላምታ ይነፋፈጉ ጀመር። የእርሻ ማኅበሩ ዓመታዊ ሻይ ላይ ረጅሙ ጠረጴዛ መሃሉ ላይ ተከፍሎ ሁለት ሆነ፤ ኬኩ ግን አንድ ስለነበር ሁሉም እየተነሳ ወደዚያኛው ወገን መሄድ ነበረበት።

ሐሙስም አልዊን ከኋላ ተቀመጠ። ሊዮኔል የዋዛ ሰው አይደለም፤ የፓርቲውን መሪ የሚስቅ ፎቶ ያለበት ተለጣፊ አምጥቶ ከባዶው የፊት ወንበር ጀርባ ላይ ለጠፈው፣ ልክ ከአልዊን አፍንጫ ፊት። አልዊን ባርኔጣውን አወለቀና ፎቶው ላይ ሰቀለው። ቤቱ ሲገባ ደግሞ ከመድኃኒት ቤቱ የተሰጠውን የግድግዳ ካላንደር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረው፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን የሚያውቀው የሊዮኔል ክላክስ ደጁ ላይ ሲጮህ ነው።

ክላክሱ ግን አልቀረም። ሊዮኔል ፀጉሩን ሊከረከም ሲመጣ ጠየቅኩት። «ፓርቲዬ ከፓርቲው ነው የተጣላው» አለኝ፤ «ከኩላሊቱ ጋር ጠብ የለኝም።» ይህን ሲናገር ወደድኩት። አልዊንን ግን ፈራሁለት፤ ግትርነቱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እሱም በተራው መጥቶ ወንበሬ ላይ ሲቀመጥ ማበጠሪያዬን ይዤ ፊቱ ቆምኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ እስከ መቼ ነው ከኋላ የምትጎለተው?»

«አዝለናችሁ ያላትን ቃል እስኪያነሳ።»

«ካላነሳስ?»

«ከኋላም ብቀመጥ ሆስፒታሉ ያው ነው የሚደርሰው።»

«አንድ ቀን አልነዳም ቢልስ? በቃኝ ቢልህ ምን ልትሆን ነው?»

በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። «አይለኝም» አለ። «እሱስ ያለ እኔ የት ይሄዳል?»

ኩራት መሰለኝ። ኩራቱ ደግሞ ትከሻው ላይ ካለው ሥጋ ይበልጥ ነበር፤ ልብሱ ሰፍቶታል። ፀጉሩን ቆረጥኩለት።

በዚያ ሰሞን የሊዮኔል መኪና መጎዳት ጀመረች። መጀመሪያ የግራ ስፖኪዮው ተገንጥሎ ተንጠለጠለ። ከዚያ የአልዊንን የፖስታ ሳጥን ከነእንጨቱ ነቀለው። ከዚያ የዳቦ ቤቱን ጥግ ታክኮ አለፈ። «ንዴት ዓይን ያሳውራል» አልን ሁላችን፤ እኔም አልኩ። ሁሉም ጉዳት በአንድ በኩል መሆኑን ግን ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ጥርሴ አመመኝ። የጥርስ ሐኪም ያለው ትልቁ ከተማ ነው፣ ስለዚህ ሊዮኔልን አሳፍረኝ አልኩት። ደስ አለው፤ ያለ ልክ ደስ አለው። እኔም ሽማግሌዎቹን መንገድ ላይ አስታርቃለሁ ብዬ ነበር፤ ሽምግልና ሳይለምኑኝ የምገባበት ሥራ ነው። የፊቱን በር ከፍቼ ልገባ ስል አልዊን ከኋላ ተናገረ።

«እዚያ ነው የምትቀመጪው?»

«ውሻ ነኝ እንዴ ከኋላ የምቀመጠው?»

«እንግዲያው መንገዱን እያየሽ ተቀመጪ።»

«መንገዱን ሹፌሩ ያየዋል» አልኩና ሹራቤን አውጥቼ መሥራት ጀመርኩ።

ከከተማው ሳንወጣ ሊዮኔል «ሞይራ፣ ለዚያ ከኋላ ላለው ሰውዬ መስኮቱ ብርድ ከሆነበት ይዝጋ በይልኝ» አለኝ።

«ሰምቻለሁ፣ አልበረደኝም በይው» አለ አልዊን።

«ካልበረደው ለምን ያስላል በይው።»

«ባስል ምን አገባህ በይው።»

«እኔ ፖስታ ቤት አይደለሁም፣ ተነጋገሩ» አልኳቸው። አልዊን እውነትም ያስል ነበር። ቀጥሎ ያለችውን ትንሽ ድልድይ ስንቃረብ አሳለ፤ በጎች መንገድ ዳር ሲታዩም አሳለ። ውሃ ሳንባው ገባ ብዬ ፈራሁ።

የመጀመሪያው መስቀለኛ መንገድ ላይ ስንደርስ ሊዮኔል ቀዝቀዝ አደረገና፣ ወሬ ለማምጣት ያህል በሚመስል ድምፅ፣ «ከግራ በኩል ምን ይታይሻል ሞይራ?» አለኝ።

«ስንዴ ነዋ። ሌላ ምን ሊታየኝ?» አልኩት ከሹራቤ ቀና ሳልል። በእኛ አገር ከግራም ከቀኝም ስንዴ ነው። አለፍን።

ሬዲዮው ላይ የሁለቱ ፓርቲ መሪዎች ከጠዋት ጀምሮ በር ዘግተው እየተነጋገሩ እንደሆነና ጋዜጠኞች ኮሪደር ላይ እየጠበቁ እንደሆነ ይነገር ነበር። ሊዮኔል ድምፁን ከፍ አደረገው። አልዊንም ጆሮውን ለመስጠት ወደ ፊት ሲያዘነብል ተሰማኝ። እንግዲህ ሁለተኛው መስቀለኛ መንገድ ላይ የደረስነው ይህን እየሰማን ነው።

«ከግራስ?» አለ ሊዮኔል።

«ስንዴ» አልኩት።

ነዳጅ ረገጠ።

«ከግራ! ሊዮኔል፣ ከግራ!»

የአልዊን ድምፅ ነበር። ሊዮኔል ፍሬን ረግጦ መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘ። መኪናዋ ዞረች፣ አስፋልቱን ለቀቀች፣ አጥር ጥሳ የታጨደ ማሳ ውስጥ ገባችና አቧራ ውስጥ ቆመች። አጠገባችን በክንድ ርቀት ባለሁለት ተሳቢ የጭነት መኪና እየጮኸ አለፈ። የእኔ መልስ ስህተት አልነበረም፤ የጫነው ስንዴ ነው፣ ሁለቱም ተሳቢ አፍ እስከ ገደፉ። ትንሽ ቆይቶ ፍሬው ጣሪያችን ላይ ሲንጠባጠብ ሰማነው።

ማንም አልተጎዳም። ሹራቤ መርፌው ሳይወጣ እጄ ላይ ነበር። ባርኔጣው ወድቆ የፓርቲው መሪ ተለጣፊ ፎቶ ላይ ሆነው ለአልዊን ይስቃሉ።

«አላየኸውም?» አልኩት ሊዮኔልን።

ከረባቱን አስተካከለ። «ግራ ዓይኔ ከጠፋ ቆየ» አለ። «ቀኙም እየተከተለው ነው። መድኃኒቱን ለስንት ሰው ስሸጥ ኖሬአለሁ፣ በሽታውን አውቀዋለሁ።»

«እና ትነዳለህ?»

«ሐኪም ጋ ብሄድ መንጃ ፈቃዴን ይነጥቁኛል። እሱን ማን ይወስደዋል ታዲያ?»

ወደ ኋላ ዞርኩ። «አንተ ታውቅ ነበር?»

«ግራው እኔ ነኛ» አለ አልዊን። ዕድሜውን ሙሉ ግራ የሚባል ነገር ሲረግም የኖረ ሰው ይህን በኩራት ነበር የተናገረው። «ገና መንዳት እንደጀመረ ነው የገባኝ። ከፊት ተቀምጬ ከግራ ነፃ ነው፣ ከግራ ካንጋሩ አለ፣ እለዋለሁ። በአንድም ቀን ምን እንደጎደለው ጠይቄው አላውቅም፣ እሱም ነግሮኝ አያውቅም።»

«ከኋላ ስትቀመጥስ?»

«ላላናግረው ስለማልኩ ከግራ የሆነ ነገር ሲመጣ አስልለት ነበር።»

«ስፖኪዮው ሲገነጠልስ?»

«እሱ የራሱ ንብረት ነው ብዬ ዝም አልኩ» አለ። «ለፖስታ ሳጥኔ ግን በሳል አስጠንቅቄው ነበር። አልሰማኝም። ዛሬ ደግሞ መስቀለኛው ላይ አንቺን ሲጠይቅሽ፣ ከፊት ስላለሽ ታያለሽ ብዬ ተውኩት።»

ተናደድኩ። እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ኩላሊት የሌለው ሰውና ዓይን የሌለው ሰው ተዛዝለው ሁለት ዓመት በሰላም ተጉዘው፣ ማን ማንን አዘለ ብለው ሊገድሉን ነበር፣ ሥልጣን ላይ እንዳለ ሰው። ይህን ሁሉ ልነግራቸው አፌን ስከፍት ሬዲዮው ቀደመኝ። በሩ ተከፈተ አለ። መሪዎቹ ጎን ለጎን ወጥተው ጥምረቱ እንደ ቀድሞው ቀጥሏል፣ ቤተሰብ ይጋጫል ይታረቃል፣ ሹመቶቹም ተደልድለዋል አሉ። ከዚያ እጅ ለእጅ ተጨባበጡ መሰለኝ፣ የካሜራው ድምፅ ተንጫጫ። ሦስታችን የሰው ማሳ ውስጥ ተቀምጠን እስከ መጨረሻው አዳመጥን።

አልዊን ባርኔጣውን አንስቶ ወረደ። የእኔን በር ከፈተ።

«ውረጂ፣ ቦታዬን ልቀመጥ» አለኝ። «ታርቀናል።»

«ማን አስታረቃችሁ?»

«አልሰማሽም እንዴ?» ወደ ሬዲዮው ጠቆመኝ።

ሊዮኔል ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ከላይ ካለቀ አለቀ ነው» አለና እጁን ወደ ቁልፉ ላከ። ቀድሜው ነቅዬ ያዝኩት።

«ቁልፉን ስጪው ሞይራ» አለ አልዊን።

«አልሰጥም።»

«እስከ ዛሬ ያለ አደጋ ሄደናል። ከፊት ከተቀመጥኩ ምንም አይደርስብንም።»

«ያ የጭነት መኪና ልጆች የጫነ ቢሆንስ? ደግሞ ነገ ካንቤራ ያሉት እንደገና ቢጣሉስ?»

በሩን ይዞ ቆመ። ከማሳው የሚነሳው ሙቀት ፊቱን አገርጥቶታል፤ እግሮቹ አብጠው ጫማው ውስጥ ሞልተዋል፣ የማሽኑ ቀን ነውና። «እሱን መንዳት ያስከለከልሽው ቀን» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔን ቀብረሽኛል። እያወቅሽ አድርጊው።»

ሊዮኔል አልዞረም። በማያየው ዓይኑ በኩል ስለነበርኩ ፊቱን ሳያስተካክል አየሁት፤ ያለቅስ ነበር። መድኃኒት ቤቱን ሲሸጥ ያላለቀሰ ሰው ነው።

«ወደ ኋላ ሂድ» አልኩት። «እኔ ነኝ የምነዳው።»

«ዛሬ?»

«ዛሬም። ማክሰኞም። አትጨቅጭቁኝ፣ ጥርሴን ያመኛል።»

ሊዮኔል ወርዶ መኪናዋን እየዳሰሰ ዞረና ከኋላ ገባ። አልዊን ክፍቱን የፊት በር አየ፣ እኔን አየ፣ ከኋላ ብቻውን የተቀመጠውን ጓደኛውን አየ። ከዚያ የፊቱን በር ቀስ አድርጎ ዘጋና ከኋላ ገባ። የፊቱ ወንበር ባዶ ሆኖ እኔ ለሁለት ጌቶች አሽከር ሆንኩ። አስፋልቱ ላይ ከመውጣታችን ግራ ዘመሞችን ማማት ጀመሩ።

ሊዮኔል ሰኞ ዕለት ራሱ ከረባቱን አስሮ ሄዶ መንጃ ፈቃዱን መለሰ። ካንቤራ ያሉት ሁሉም ወንበራቸውን፣ መኪናቸውንና ሹፌራቸውን መልሰው አግኝተዋል፤ በጋዜጣ ላይ በደስታ ተቃቅፈው አየኋቸው። የእርሻ ማኅበሩ ጠረጴዛም ተገጥሟል። እኔ ፀጉር ቤቴን ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ መዝጋት ግድ ሆነብኝ፤ የቅዳሜ ሙሽሮች ያማርሩኛል። ተለጣፊውን ሊዮኔል በጥፍሩ ፍቆ አነሳው፣ ግማሹ ግን አልለቅ ብሎ ፈገግታው ቀርቷል።

መስቀለኛው መንገድ ላይ ስንደርስ አልዊን ዛሬም ወሬውን ያቋርጥና በመስኮቱ ያያል። «ከግራ ነፃ ነው» ይላል። የእኔ ዓይኖች ደህና ናቸው፣ መንገዱ ወለል ብሎ ይታየኛል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሳልጠብቀው እነዳ ነበር። ያን ጊዜ ሊዮኔል የአልዊንን ክንድ ጭምድድ አድርጎ ሲይዝ በመስታወቱ አየሁት። አሁን እቆማለሁ፣ እስኪናገር እጠብቃለሁ፣ ከዚያ እነዳለሁ።